ስለ ፊተኛዪቱ መኪና

ሽማግሌዎች ወጣት ልጅ መኪና ሲወድ ባዩ ጊዜ «ቆርቆሮ አምላኪ» ብለው ይሰድቡታል። እኔ ግን በዚህ ነገር ከእኩዮቼ ጋር አልስማማም። በአዳማ ከተማ አንድ ወጣት ከአባቱ ወይም ከአጎቱ የደረሰችውን አሮጌ ቮልስዋገን እሑድ ከሰዓት በኋላ ሲያጥባት፣ የኋላ ክዳኗንም ከፍቶ ካንዴላዋን ሲወለውል ባየሁ ጊዜ ደስ ይለኛል እንጂ አላዝንም። ዕድሜዋ ከእርሱ ዕድሜ እጥፍ የሆነችን ነገር ጠብቆ ማኖር የሚማር ልጅ፣ በመጠጥ ቤት ከሚውለው በብዙ ይሻላል። ስለዚህ ጠቤ ከፍቅሩ ጋር አይደለም፤ ፍቅር ነው እየተባለ ከሚደረገው ጉራ ጋር ነው።

ዛሬ በከተማችን፣ በሞጆና በሻሸመኔም እንዲሁ፣ እንዲህ ያለችውን መኪና ያገኘ ልጅ አስቀድሞ የሚያደርገው እንደ አንበሳ ታገሣ ዘንድ ማርሚታዋን ማስወለቅ ነው። ይህንንም ከአሜሪካ መኪኖች ተምሮታል። በ1956 ዓ.ም. የወጣው ፎርድ ሙስታንግና በዚያ ዘመን የተሠሩት ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪኖች የሚያገሡት ጉልበት ስላላቸው ነው። የቮልስዋገን ባለ 1200 ሞተር ግን ያለው 34 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ጋሪ ለለመደ የአዳማ ሰው 34 ፈረስ ብዙ ይመስለው ይሆናል፤ በእነዚያ ፊት ግን ግልገል ናት። በመጽሐፈ ነገሥት ኢዩ የተባለው ሰው በሠረገላ አነዳዱ ከሩቅ ታወቀ፤ እርሱስ ወደ ጦርነት ይሄድ ነበር፤ የእኛ ልጅ ግን የሚሄደው ወደ ጁስ ቤት ነው።

«እወዳታለሁ» ትለኛለህ። እንግዲህ ልጠይቅህ፤ ስለ እርስዋ ምን ታውቃለህ? ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያበርደውም ነፋስና ዘይት እንጂ ውሃ አይደለም። ስለዚህ በመቂና በዝዋይ ሐሩር ሌላው መኪና ውሃው ፈልቶ ሲቆም እርስዋ ታልፈዋለች፤ ነገር ግን ያ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ዘይቷ ጎድሎ ወይም አርጅቶ እንደሆነ ሳትነግርህ ትቃጠላለች። የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ ከፊት ነው፤ በግንባርዋ ብትጋጭ ቤንዚኑ ያለው ከእግርህ ፊት ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን የቀድሞዎቹ የኋላ ጎማ አተካከል ነው። ጎማው ከአክሱ ጋር አብሮ ስለሚወዛወዝ፣ ኩርባ ላይ በፍጥነት ገብተህ በድንጋጤ እግርህን ከነዳጅ ብታነሣ፣ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይችላል፤ መኪናዪቱም ልትገለበጥ ትችላለች። ይህን ሳያውቅ እወዳታለሁ የሚል ሰው የወደደው ቀለሟን ነው።

ይህን ስናገር ሻምበል አበበ ቢቂላ ትዝ ይለኛል። በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ፣ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ በቶኪዮ የማራቶንን ድል ሁለተኛ ጊዜ ወስዶ ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ ከሸለሙት ነገር አንዱ ቮልስዋገን ነበረች። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት በሸኖ አጠገብ መኪናዪቱ ተገለበጠች፤ እርሱም እስኪነጋ ድረስ በውስጧ ተይዞ አደረ። ዓለም ያደነቃቸው እግሮች ከዚያ በኋላ አልተራመዱም። በእንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ወራት ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ቀስት ወረወረ፤ በኖርዌይም በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት 15 ቀን ሲሞት ገና 41 ዓመቱ ነበር። ስለ አደጋው ምክንያት ብዙ ይወራል፤ እኔ በሞተ ሰው ላይ አልፈርድም። የምጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ እንደዚያ ያለ ትንፋሽና እንደዚያ ያለ ትዕግሥት የነበረው ሰው በአንዲት ሌሊት እንዲህ ከሆነ፣ አንተ በምን ትመካለህ?

«መንገዱ እኮ ተሻሽሏል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው 85 ኪሎ ሜትር ያህል የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓትም ይፈቅዳል። ሆኖም የተፈቀደው ለመንገዱ ነው እንጂ ለመኪናህ አይደለም። ባለ 1200ዋ ቮልስዋገን አዲስ ሳለች እንኳ የመጨረሻ ፍጥነቷ 115 ገደማ ነበር። ደግሞም ወደ አዳማ ስትቀርብ በኮረብታው ላይ የቆሙትን የነፋስ ተሽከርካሪዎች ተመልከት፤ ያን ሁሉ የሚያዞረው ነፋስ ክብደቷ ከኋላ የሆነችውን ቀላል መኪና ከጎን ሲመታት መሪው ከእጅህ የሚወጣ ይመስልሃል።

ስለ ገንዘቡም አንድ ቃል ልጨምር። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለ ተከለከለ፣ አሮጌዎቹ ዋጋቸው ከፍ ብሏል። ልጁም ይበደራል፤ የእናቱን ወርቅ የሚያሸጥም አለ። ከዚያ በኋላ የቀረውን ብር ለቼርኪና ለቀለም ያወጣል፤ ፍሬኑ ግን በአያቱ ዘመን እንደ ነበረ ነው። ፍሬኑ ሳይታይ ቦሎ እንዲለጠፍለት አማላጅ የሚፈልግም አይታጣም። በአጠገቡ የምትቀመጠው ልጅ ይህን አታውቅም፤ ማንም አልነገራትም።

ስለዚህ በሚመጣው እሑድ ጓደኞችህን ጭነህ ወደ ሶደሬ ከመውረድህ በፊት የቀለም ቀቢውን ቀጠሮ ሰርዘህ በዚያው ገንዘብ የፍሬኑን ሸራ አስቀይር፤ ዘይቷንም ለውጥ፤ ማርሚታዋንም መልሰህ አሳስር። ሥራው እሑዱን ሙሉ ቢወስድብህ ምንም አይደለም፤ ሶደሬ በማግሥቱም እዚያው ናት።