ስንት ሰው ነው?

ባለፈው ቅዳሜ በአንድ ቀን አምስት የሰርግ አዳራሽ አየሁ። ስድስተኛው ደረጃው ረጅም ስለነበር መኪና ውስጥ ቀረሁ። የእህቴ ልጅ ልታገባ ነው። እኔ ደግሞ «ጋሼ ሰው ያውቃል፣ ቅናሽ ያስደርጋል» ተብዬ የተጫንኩ አጎት ነኝ። ቅናሹን ተዉት፤ ሁለተኛው አዳራሽ የመኪና ማቆሚያ ሳይቀር አስከፍሎ ነው የሸኘን።

ያናደደኝ ግን ክፍያው አይደለም። በአምስቱም በር ላይ ቆሞ የጠበቀን ጥያቄ ነው። እንኳን ደስ ያላችሁ የለ፣ ሙሽሪት የቷ ናት የለ፣ ቁጭ በሉ የለ። «ስንት ሰው ነው?» ብቻ።

ልጅቷ ሦስት መቶ አለች። የመጀመሪያው አዳራሽ ከ400 ሰው በታች አልቀበልም አለን፤ ኃላፊዋ ቤት ተሳስተን እንደገባን ሁሉ በአዘኔታ አየችን። አራተኛው ደግሞ ከ250 በላይ አንዲት ወንበር አትገባም አለ። እንግዲህ ያቺው አንዲት ልጅ ጠዋት መቶ ዘመድ ጎደላት፣ ከሰዓት በኋላ ሃምሳ ዘመድ ተረፋት። በመሀል የሞተም የተወለደም የለም።

ሕጉ እንኳ እንዲህ አያስጨንቅም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን ሁለት ሁለት ምስክር ይበቃዋል። አራት ሰው። መንግሥት በአራት ሰው ያመነንን አዳራሹ በሦስት መቶም አላምንም አለ።

ከአዳራሽ ጋር ያለኝን የቆየ ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቁታላችሁ። አምና ስለዚሁ ስጽፍ «ዘመኑን ያልተረዳ» ያላችሁኝ ደህና ናችሁ? እኔ አሁንም ድንኳን ነኝ። ድንኳን ሰው አይቆጥርም። ሰው ሲበዛ ካስማው ይነቀልና ጫፉ ይሳባል፣ አንድ ሸራ ከጎን ይቀጠላል፣ አግዳሚ ላይ አምስት የተቀመጠው ሰባት ይሆናል። የማታውቀው ሰው ጭን ላይ ልጅህን ታስቀምጣለህ። የዕድሩ ድንኳን ደግሞ የራሱ ሽታ አለው፤ ዝናብ የነካው ሸራ፣ የከረመ ጭስ፣ ከታች የተጎዘጎዘው ቄጠማ። አባታችንን ያለቀስንበት ድንኳን ነው እኔን የዳረኝ። ያኔ ማንም ይህን ነገሬ አላለውም፤ ዕቃው አንድ ነው፣ የሚሰበሰበውም ሰው ያው ነው።

አዳራሽ ሰዓትም ይቆጥራል። ሌሊት ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል ሙሽሮቹን ለማድመቅ እንዳይመስላችሁ፤ ውጡ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የወዳጄ ልጅ ሆቴል ክፍል ውስጥ ለብሳ ወጣች። ሚዜዎቹ ሲመጡ የሙሽሪት እህቶች እንደ ደንቡ ኮሪደሩን ዘግተው አናሳልፍም ብለው መጨፈር ጀመሩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጥበቃው በሬዲዮ እያወራ መጣና «እህቶቼ፣ መተላለፊያ መዝጋት ክልክል ነው» አላቸው። ለቀቁ! ሙሽራው ሳይለምን፣ ሳይከፍል፣ ሳያልበው ገባ። እኔን ሲያስገቡኝ አንድ ሰዓት በር ላይ ቆሜያለሁ፣ ያውም የጫማዬ ተረከዝ ረገፈ።

ቀኑስ? ዘንድሮ፣ በ2018፣ ጥምቀት ሰኞ ነው፤ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ሰኞ ይገባል። በመሀሉ ያሉትን እሑዶች በጣቴ ቆጠርኳቸው፦ ጥር 17፣ ጥር 24፣ የካቲት 1፣ የካቲት 8። አራት ናቸው። የመጨረሻው ቅበላ ነው። ረመዳንም በዚያው ሰሞን ስለሚገባ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን የሚድሩት በእነዚሁ ሳምንታት ነው። የአዲስ አበባ ሙሽራ ሁሉ በአራት እሑድ በር ሊገባ ሲጋፋ እዩልኝ። ሦስተኛው አዳራሽ ያገኘነው ጎልማሳ፣ ቀናቱን ከደብተሩ ላይ በእስክሪብቶ ጫፍ እየነካካ «ተይዟል፣ ተይዟል፣ እሱም ተይዟል» ካለ በኋላ «ለምን ለሚቀጥለው ዓመት አታደርጉትም?» አለን። ሰውየው የሚያወራውን ያውቃል፤ በ2019 ፋሲካ ይዘገያል፣ በጥምቀትና በጾሙ መሀል ሰባት እሑድ አለ። የእህቴ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ። ልጆቹ ለምን እንደቸኮሉ አልጠየቅኩም፤ እናንተም አትጠይቁኝ።

ማታ እህቴ ቤት ተሰበሰብን። ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ባለ 250ው አዳራሽ ቅዳሜ ጥር 23 ክፍት ስላለው፣ ሃምሳ ሰው ሊቀነስ ነው። ልጅቷ ስልኳ ላይ ዝርዝሩን ከፍታ ስም እየጠራች ትሰርዛለች። ቢሮ አብሯት የሠራ፣ ይውጣ። የአጎት ልጅ ባል ወንድም፣ ይውጣ። እያለች እያለች የዕድራችን ለፋፊ ላይ ደረሰች። ከልጅነቴ ጀምሮ ጡሩምባውን ይዞ በጭቃው በር ሲያንኳኳ የኖረ ሰው ነው። የአባታችን ቀን ድንኳኑን በሌሊት የተከለው እሱ ነው፤ ካስማ ሲመታ መዶሻው ያገኘው አውራ ጣቱ እስከ ዛሬ ጥፍር የለውም።

«ይሄ ማነው?» አለች።

ነገርኳት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አላውቀውም» አለችና ሰረዘችው።

ልጅቷን አልፈርድባትም፤ ሠፈሩ ሲፈርስ ገና ልጅ ነበረች። ጎረቤቱ ሁሉ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ ደርሶታል። እኔ ግን ነደደኝ። ተነሣሁና እዚያው ሳሎን ውስጥ ይህን ዓምድ በቃል አነበብኩላቸው ማለት ይቻላል። ድንኳን ሰው አይቆጥርም፣ ድንኳን ጎረቤት አይሰርዝም፣ በእኔ ሰርግ ማን ተቆጠረ፣ ማን ተመለሰ አልኩ። ጥሩ ተናግሬያለሁ። ሙሽራው እንኳ አንገቱን ነቅንቋል።

እህቴ ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችና «የሰርግህን ቪዲዮ በቅርቡ አይተኸዋል?» አለችኝ።

አላየሁትም። በ1988 የተቀረጸ ባለ ትልቁ ካሴት ነው፤ ማጫወቻው ከተበላሸ ስንት ዘመኑ። እሷ ለካ ፍላሽ ላይ አስገልብጣዋለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። ቀለሙ ወደ ቀይ አድልቷል፣ ድምፁ ከሩቅ ይመጣል። ድንኳኑ ግን እንዳልኩት ነው፤ ጢም ብሏል። ለፋፊው አለ፣ ጠጅ ይዟል። ጎረቤቱ አለ። ወተት የምትሸጥልን ሴትዮ አለች። ካሜራው የማያውቀው ሰው የለም፤ አንድ ቁርጥ የሚቆርጥ ሰውዬ ላይ አምስት ደቂቃ ሙሉ ይቆማል። «ይኸው!» አልኩ።

«እማዬን አሳየኝ» አለች እህቴ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጃል ቪዲዮው። ጉልበት ስንስም ለአፍታ አለች፤ የነጭ ነጠላ ጥለት፣ ግማሽ ፊት። ከዚያ በኋላ የለችም። እያሳለፍን አየን፣ እየመለስን አየን። መጨረሻ ላይ፣ ጭፈራው ሲደምቅ፣ በስተኋላ ያለው የድንኳኑ መጋረጃ ይገለጥና አንድ ክንድ ወጥ የሞላ ድስት ለአስተናጋጁ ያቀብላል። ክንዱ እስከ ክርኑ ድረስ ብቻ ነው የሚታየው፤ በርበሬ ነክቶታል፣ አውራ ጣቱ በጨርቅ ታስሯል። አምባሩን አወቅኩት። መጋረጃው ተመልሶ ተዘጋ።

«ጣቷን ሽንኩርት ስትከትፍ ነው፣ ሐሙስ ለት» አለች እህቴ። «እኔም እዚያው ነበርኩ። ለሰርግህ ያሰፋሁት ቀሚስ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ዋለ። ድንኳን ማንንም አይቆጥርም ስትል እውነትህን ነው። እኛንም አልቆጠረንም።»

ምን ትላላችሁ? እኔ ምንም አላልኩም። ዘወትር መልስ ይዤ እዚህ ገጽ ላይ ስለምታገኙኝ ነው የምነግራችሁ። ቡናው ቀዝቅዞ ጠጣሁት። እናቴ ያን ቀን ምን እንደበላች፣ በስንት ሰዓት እንደበላች እስካሁን አላውቅም። ነፍሷን ይማር፣ ጠይቄያትም አላውቅ።

ረቡዕ ቀብድ ልንከፍል ሄድን። ባለ 250ው ነው። መጠጥ ከውጭ ማስገባት ያስከፍላል፣ ምግቡን ራሳቸው ይሠሩታል፣ ሒሳቡ በሰው ነው። ለለፋፊው አንድ ወንበር እንዲጨመር ኃላፊዋን ጎን ጠርቼ ለመንኳት።

«አባቴ፣ 250 ነው የሚይዘው ብለናል እኮ» አለች።

«አንድ ሽማግሌ ነው፣ ጥግ ላይ ይቀመጣል።»

አሰበችና «በሰው ይታሰባል እንግዲህ» አለች። ከኪሴ ከፈልኩ። ወጥ ቤቱን ማየት ይቻላል ወይ ስላት ደግሞ ለደንበኛ አይፈቀድም አለች። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ለዚህች ብቻ አንድ ሙሉ ዓምድ ይወጣት ነበር።

ዘወር ስል እህቴ የለችም። ባዶው አዳራሽ ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ ከለበሱት ወንበሮች መሀል ከፊት ካሉት በአንዱ ላይ ተቀምጣለች። የሙሽሪት እናት የምትቀመጠው የት እንደሆነ አስተናጋጁን ጠይቃው ኖሯል። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ መድረኩን ትመለከታለች። ጠረጴዛ የሚያስተካክለው ልጅ በአጠገቧ ሲያልፍ እጇን አነሳች።

«የኔ ልጅ፣ እስኪ ውሃ አምጣልኝ» አለችው።

ልጁ ሊያመጣ ሄደ። እሷም ሳትነሣ ጠበቀችው።