መጠይቅም መለኪያ ነው

ለፊዚክስ ቤተ ሙከራ አዲስ የሆነ ተማሪ ቮልትሜትር ሲሰጠው በቅድሚያ እንዲጠይቅ የምናስተምረው ነገር አለ። መሣሪያው ከስንት እስከ ስንት ይለካል? ትንሹ ክፍፍሉ ስንት ነው? ከምንም ነገር ጋር ሳይገናኝ ዜሮን ያሳያል ወይስ ሌላ ቁጥር? ከአቅሙ በላይ የሆነ ቮልቴጅ ሲገጥመውስ እንዴት ያስታውቃል? እነዚህን ሳያጣራ ንባብ የመዘገበ ተማሪ ሪፖርቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቶ ቢመለስለት አይደንቅም።

ይኸው ጠንቃቃ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የሰዎችን አስተያየት መሰብሰብ ሲኖርበት ግን ጠባዩ ይለወጣል። በአንድ ከሰዓት በኋላ በኢንተርኔት የሚሞላ መጠይቅ ያዘጋጃል፤ አድራሻውን በቴሌግራም ለሚያውቃቸው ሁሉ ይልካል፤ በማግስቱ ሶፍትዌሩ ራሱ ሠርቶ ያቀረበለትን ባለ ቀለም ክብ ግራፍ ወስዶ ጽሑፉ ውስጥ ይለጥፋል። ስለ ዜሮውና ስለ ክፍፍሉ የሚጠይቅ የለም። መጠይቅ ግን መለኪያ ነው። የሚለካው የሰው ዕድሜ፣ ልማድና ሐሳብ መሆኑ መሣሪያነቱን አይሽረውም። ቮልትሜትሩን ለማስደሰት ብሎ ቮልቴጁን የሚለውጥ ባትሪ የለም፤ ጠያቂውን ለማስደሰት ብሎ መልሱን የሚለውጥ ሰው ግን ሞልቷል። ስለሆነም ጥንቃቄው ከቤተ ሙከራው ይልቅ እዚህ ሊበረታ በተገባው ነበር።

መሣሪያዎቹ ደግሞ በቋሚነት የተቀረጹ አይደሉም። ሰርቬይመንኪ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ዛሬ ላይምሰርቬይ የሚባለው በ2003፣ ጉግል ፎርምስ በ2008 ሥራ ጀመሩ፤ በዚያው በ2008 በዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ኦፕን ዳታ ኪት፣ በአጭሩ ኦዲኬ የሚባለው ተወጠነ። ሁሉም በተጠቃሚዎቻቸው የማሻሻያ ሐሳብ ሲለዋወጡ ኖረዋል። ላይምሰርቬይና ኦዲኬ ምንጭ ኮዳቸው ክፍት በመሆኑ ዕውቀቱ ያለው ሰው ሐሳቡን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ሊያበረክትላቸው ይችላል። ጥያቄው እኛ ምን ብለን እንጽፍላቸው የሚለው ነው።

ተማሪዎቼን «ምን ቢሻሻል ትወዳላችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው በብዛት የምሰማው የመልክ ነገር ነው፤ ተጨማሪ ቀለማት፣ ያማሩ ግራፎች፣ ዝግጁ የሆኑ ቅጾች፣ እንዲሁም መላሹ ምን ያህል እንደቀረው የሚያሳይ መስመር። የመጨረሻው ደግና ትሑት ሐሳብ ይመስላል። ሆኖም በዘርፉ የተካሄዱ ሙከራዎች እንዳሳዩት መስመሩ መጀመሪያ ላይ በዝግታ የሚጓዝ ከሆነ መላሹ ተስፋ ቆርጦ መጠይቁን ጥሎ የመሄዱ ዕድል ይጨምራል። መስመሩ መጀመሪያ ላይ እንዲፈጥን ማድረግ ደግሞ መላሹን በለሰለሰ መንገድ ማታለል ነው። እኔ በበኩሌ አንድን የማሻሻያ ሐሳብ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ለውጥ የልኬቱን ስሕተት ይቀንሳል፣ ወይም ቢያንስ ስሕተቱ እንዲታይ ያደርጋል?

በዚህ ሚዛን ካየነው ብዙ ጊዜ እንደ ጥሩ ነገር የሚቆጠረው የ«ግዴታ ጥያቄ» አሠራር ጎጂ ሆኖ ይገኛል። መላሹ መልስ ካልሰጠ ወደሚቀጥለው ገጽ እንዳያልፍ ይከለከላል። አጥኚው ባዶ ቦታ የሌለበት ሰንጠረዥ ስላገኘ ይደሰታል። ነገር ግን የማያውቅ ሰው ካላወቀ፣ በሩ የሚከፈትለት በመዋሸት ብቻ ነው። ከአቅሙ በላይ የሆነ ቮልቴጅ ሲገጥመው ዝም ብሎ ማንኛውንም ቁጥር የሚያሳይ ቮልትሜትር ቢኖር በዚያው ቀን ከመደርደሪያችን እናወርደው ነበር። በአንጻሩ ባዶውን ሕዋስ እንዳለ መተውም አይበቃም። ጥያቄው ያልቀረበለት ሰው፣ አይቶ የዘለለው፣ «አላውቅም» ያለውና «መናገር አልፈልግም» ያለው አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ብዙ ሶፍትዌሮች አጥኚው አስቦ ካላዘጋጀ በቀር አራቱንም በአንድ ባዶ ሕዋስ ያከማቿቸዋል። አራቱ ያለ አጥኚው ልፋት፣ ከመጀመሪያው ተለይተው እንዲመዘገቡ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የአሃዝ ብዛት ነው። 13 ሰዎች መጠይቅ ሞሉ እንበል፤ 7ቱ «እስማማለሁ» አሉ። አንዳንድ ሶፍትዌር ይህን 53.85 በመቶ ብሎ ያትመዋል። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ ብቻ ሐሳቡን ቢለውጥ ውጤቱ በ7.7 በመቶ ይዛወራል፤ ታዲያ ያ የመጨረሻው 5 ምንን ይለካል? በሴንቲሜትር በተከፋፈለ ማስመሪያ የእንጨትን ርዝመት እስከ ማይክሮሜትር እንደመጻፍ ነው። የመላሾቹ ቁጥር ከመቶ ሲያንስ ነጥብ ያለው ቁጥር እንዳይታይ፣ ይልቁንም «ከ13ቱ 7» ተብሎ እንዲጻፍ ማድረግ ለፕሮግራም ጸሐፊ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቁጥሩ ሲበዛስ? እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን በደንብ ሊያውቁት የሚገባ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ዋዜማ «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለው መጽሔት ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የመጠይቅ ካርድ ላከ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ የሆነው ተመለሰለት። ውጤቱ ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል የሚል ነበር። ያሸነፈው ግን ሩዝቬልት ነበር፤ ያውም ወደ 61 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝቶ። ናሙናው በአጋጣሚ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ በግምት በመላሾች ቁጥር ስኩዌር ሩት ስለሚቀንስ፣ ለ100 መላሾች 10 በመቶ፣ ለ400 መላሾች 5 በመቶ፣ ለ2 ሚሊዮን መላሾች ደግሞ ከ0.1 በመቶ በታች ይሆን ነበር። መጽሔቱ ለሩዝቬልት የገመተው ድምፅ ከእውነተኛው የራቀው ግን በ18 በመቶ ያህል ነው። አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ስለነበር በዚያ የችግር ዘመን ደኸየት ያለው ዜጋ በሚገባ አልተወከለም፤ ካርዱ ከደረሳቸውም መካከል መልሰው ለመላክ የተነሣሡት የተለየ ዝንባሌ ያላቸው ነበሩ። አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚያዘነብል ስሕተት የመላሾች ቁጥር በመብዛቱ አይጠፋም፤ እንዲያውም ይበልጥ የታመነ መስሎ ይታያል።

የዛሬው የስልክ ማውጫ የኢንተርኔት ግንኙነት ነው። ባለ 40 ጥያቄ መጠይቅ የሚሞላ ሰው 38ኛው ላይ ሲደርስ ግንኙነቱ ተቋርጦ መልሶቹ በሙሉ ቢጠፉ ዳግመኛ ከ1 የሚጀምር ስንቱ ነው? የሚጨርሱት ግንኙነታቸው የተሻለ፣ የኢንተርኔት ሒሳብ የማያሳስባቸው፣ ብዙውን ጊዜም ከተሜዎች ናቸው። ሶፍትዌሩ መልሶቹን በስልኩ ላይ አስቀምጦ ግንኙነት ሲገኝ የሚልክ ከሆነ ይህ ዝንባሌ በከፊል ይቀንሳል። ኦዲኬ ከጅምሩ ለዚህ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ በገጠር መረጃ ለሚሰበስቡ ተቋማት ባለውለታ ሆኗል። በድረ ገጽ ብቻ የሚሠሩት ግን ጥለው የወጡት መላሾች ስንት እንደሆኑና የትኛው ጥያቄ ላይ እንደወጡ ቢያንስ ከውጤቱ ግራፍ አጠገብ ቢያሳዩ መልካም ነበር። እያንዳንዱ ገጽ የወሰደው ጊዜም እንዲሁ። 30 ጥያቄዎችን በ40 ሰከንድ «መልሶ» የጨረሰ ሰው አንድም አላነበበም። የመምህራን ግምገማ ቅጽ ሳይሞሉ ውጤት ማየት በማይቻልበት ቦታ የሚሰበሰቡ መልሶችን የተመለከተ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ ዓይነት ቁጥር የተሞሉ ቅጾች ምን ያህል እንደሚበዙ ያውቃል። በእነዚያ ቁጥሮች የአንድ መምህር ዕድገት ሊወሰን ይችላል።

እስካሁን ያልኩት ለማንኛውም አገር የሚሠራ ነው። ከእኛ በቀር ማንም ሊጽፍላቸው የማይችለው ሐሳብ ግን አለ።

ቀንን እንውሰድ። አንድ መላሽ የተወለደበትን ዓመት 1998 ብሎ ቢጽፍ ሶፍትዌሩ ቁጥሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቦ ዕድሜውን በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረዝመዋል። ጥናቱ ከ18 ዓመት በላይ የሆኑትን ብቻ የሚመለከት ከሆነ የ11 ዓመት ልጅ ያለ ከልካይ ይገባል። ስሕተቱ በሁሉም ላይ እኩል ቢሆን ኖሮ ቀንሰን በተገላገልን ነበር፤ አስቸጋሪው ግማሹ በእኛ፣ ግማሹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፉ ነው። የሰዓቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። «ማታ በስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ተብለው የተጠየቁ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ሰዓት የሚተኙ ሆነው ሳለ አንዱ 4፣ ሌላው 10 ብለው ይጽፋሉ። አማካዩ 7 ነው፤ በ7 ሰዓት ግን ከሁለቱ አንዱም አይተኛም።

ይህ ሊፈታ የማይችል ችግር እንዳልሆነ ኦዲኬ ማስረጃ ነው። መጠይቁን የሚያዘጋጀው ሰው በቀን ጥያቄው ላይ አንዲት ቃል ብቻ ቢጨምር፣ ጳጉሜን ጨምሮ አሥራ ሦስቱ ወራት ያሉበት የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ለመላሹ ይቀርብለታል፤ መረጃው ግን ለስሌት እንዲያመች በአውሮፓውያኑ ተቀይሮ ይቀመጣል። የኔፓል፣ የማያንማርና የፋርስ አቆጣጠሮችም በተመሳሳይ መንገድ ገብተዋል። በንግድ ሶፍትዌሮችም ዘንድ ይህ እንዲለመድ መጠየቅ መብታችን ነው፤ ካልተጠየቁ ግን ከወዲያ በኩል ያለው ፕሮግራም ጸሐፊ አሥራ ሦስተኛ ወር መኖሩን በምን ያውቃል?

አጠያየቁም ራሱ አስቸጋሪ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ለሁሉም ይበቃል፤ በአማርኛ ግን «ታጠናለህ»፣ «ታጠኛለሽ» ወይም «ያጠናሉ» ማለት ግድ ነው። «ታጠናለህ/ኛለሽ» የሚለው የተለመደ መፍትሔ ዓይን ያደክማል፤ ሴቷን ሁልጊዜ ከሰረዙ በኋላ ማስከተሉም ሌላ መልእክት አለው። መላሹ መጀመሪያ ላይ እንዴት መጠራት እንደሚፈልግ ይናገር፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ጥያቄ በሦስት አነጋገር ተጽፎ ተገቢው ይቅረብለት፤ መልሱ ግን በአንድ ዓምድ ይመዝገብ። ዛሬ በአንዳንድ ሶፍትዌሮች ይህን ለማድረግ የሚሻ አጥኚ እያንዳንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጽፎ በኋላ ሦስቱን ዓምዶች በእጁ ሊያዋህድ ይገደዳል። ስምን «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብሎ መክፈልም ለእኛ የሚሆን አይደለም፤ «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሳጥን ይበቃል።

ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለገባ ዛሬ መጻፉ ራሱ ችግር አይደለም። ሆኖም በተለመደው የኢንተርኔት አመዘጋገብ አንዱ ፊደላችን ሦስት ባይት ይይዛል፤ የላቲኑ አንድ ብቻ። የመልስ ሳጥን ርዝመት በባይት ከተገደበ እንግሊዛዊው 60 ፊደል በሚጽፍበት ሳጥን እኛ 20 ብቻ እንጽፋለን። በሞባይል አጭር መልእክት የሚላክ መጠይቅም እንዲሁ ነው፤ በላቲን 160 ፊደል የሚይዘው መልእክት በእኛ 70 ብቻ ይይዛል። ገደቡ በፊደል ቁጥር እንዲሰላ ማሳሰብ ቀላል ነገር ነው።

«ጥፋቱ የአጥኚው እንጂ የሶፍትዌሩ አይደለም፤ በደንብ ያወቀ ሰው ሁሉንም ማስተካከል ይችላል» የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። እውነትነት አለው። ነገር ግን መሣሪያ የሚሠራው በደንብ ለሚያውቁት ብቻ አይደለም። በምርጫ ዝርዝሩ ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ ትክክለኛ አሠራርና ሲከፈት ከፊት የሚጠብቅ ስሕተት ቢኖሩ፣ ከአሥር ተጠቃሚ ዘጠኙ የቱን እንደሚይዝ ለመገመት ጥናት አያስፈልግም።

አንድ ሥራ ግን ከማንም ሳንለምን በእጃችን ልንሠራው የምንችለው ነው። ተማሪዎችን «የኃይል ምንጭ ምን ቢሆን ይሻላል?» ብለን በነጻ እንዲጽፉ ብንጠይቃቸው ብዙዎቹ አንድ ቃል ይጽፋሉ፤ ሶፍትዌሩ ግን ፀሐይ፣ ጸሀይ፣ ፀሃይ፣ ጸሐይ ብሎ ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ለመጀመሪያው ድምፅ ሁለት ፊደላት፣ ለሁለተኛው ስድስት ስላሉን ይህ አንድ ቃል በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። በጥቂት መንገዶች ብቻ የሚጻፈው ነፋስ፣ ድምፁ ያን ያህል ሳይበታተንበት ፀሐይን ሊያሸንፍ ነው ማለት ነው። ሀን፣ ሐንና ኀን፤ ሰንና ሠን፤ አንና ዐን፤ ጸንና ፀን ከነእርባታቸው ለቆጠራ ብቻ አንድ የሚያደርግ፣ መላሹ የጻፈውን ግን ሳይነካ የሚያቆይ ሰንጠረዥ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የኮምፒዩተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ከአማርኛ ትምህርት ክፍል ባልደረባው ጋር ሆኖ በአንድ ሴሚስተር ሠርቶና ፈትሾ፣ ምንጭ ኮዳቸው ክፍት ለሆኑት ሶፍትዌሮች ሊልከው ይችላል።