ከስለቱ በፊት እግሩ

በበረዶ ላይ የሚካሄደው የሆኪ ጨዋታ ለአብዛኛው የዚህ መጽሔት አንባቢ ከቴሌቪዥን መስኮት አልፎ የማይታወቅ ስፖርት ነው። ሆኖም ቆልማማውን ዱላና ግፊያውን ብቻ ላየ ሰው ጨዋታው እንግዳ አይሆንበትም፤ የእኛው የገና ጨዋታ ወደ በረዶ ሜዳ የተዛወረ ሊመስለው ይችላል። ዋናው ልዩነት ያለው ከቁርጭምጭሚት በታች ነው። የገና ተጫዋች በባዶ እግሩም ቢሆን ይሮጣል፤ የሆኪ ተጫዋች ግን መላ ክብደቱን ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ብረት ላይ አሳርፎ ይፈናጠራል፣ ይታጠፋል፣ ድንገት ይቆማል።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ያ ብረትና ብረቱን የተሸከመው ጫማ ነው። ጨዋታው በሌለበት አገር ስለ እርሱ መጻፍ ምን ይረባል የሚል አንባቢ አይጠፋም። በቶሮንቶ ወይም በስቶክሆልም ልጅ የሚያሳድግ ዘመድ ላለው ሰው ጥያቄው ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ከዚያም በላይ፣ ነገሩ በአንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው ጂኦሜትሪና ፊዚክስ የሚፈታ ሆኖ ሳለ፣ ጨዋታው በሚዘወተርባቸው አገሮች ጭምር እንደ ምስጢር ቅመማ የሚታይበት ጊዜ መኖሩ ያስገርመናል። ስመ ጥሩ ተጫዋች ስለቱን በዚህ ቁጥር ያስላል ከተባለ፣ የ13 ዓመቱ ታዳጊም ያንኑ ቁጥር ይጠይቃል። አቋማችንን ከወዲሁ እንግለጽ፦ የስለት ቁጥር የሚመረጠው በመጨረሻ ነው። ጫማው በእግሩ ልክ ካልሆነ፣ በስለቱ ላይ የሚደረገው ምርጫ ሁሉ በአሸዋ ላይ የቆመ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመያዝ፣ በረዶ ለምን ያንሸራትታል ከሚለው ጥያቄ እንጀምር። በብዙ የፊዚክስ መጻሕፍት የሚገኘው መልስ፣ የተጫዋቹ ክብደት በቀጭኑ ብረት በኩል በረዶውን ሲጫነው የመቅለጫ ሙቀቱ ዝቅ ይላል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ውኃውም ያንሸራትታል የሚል ነው። ይህን ማብራሪያ ለበረዶ መንሸራተት ያዋለው እ.ኤ.አ. በ1886 አየርላንዳዊው ጆን ጆሊ ነበር። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ስሌቱ ግን አያግዘውም። 80 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ፣ በረዶውን የሚነካው የብረት ክፍል ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ግፊቱ 52 አትሞስፌር ገደማ ይሆናል። አንድ አትሞስፌር የበረዶን የመቅለጫ ሙቀት የሚቀንሰው በ0.0074 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጠቅላላው ቅናሽ 0.4 ዲግሪ አይሞላም። ብረቱ በጠርዙ ብቻ ቆሞ የሚነካው ስፋት ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ እንኳ ከ4 ዲግሪ አያልፍም። የሆኪ ሜዳ በረዶ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ይጠበቃል፤ በካናዳ ሐይቆች ላይ ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪም ሆኖ ሰው ይንሸራተታል። ደግሞስ በሰፊ ሶል ጫማ በረዶ የረገጠ ሰው የሚወድቀው በየትኛው ግፊት ነው?

ማይክል ፋራዴይ ከጆሊ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1850፣ የበረዶ ገጽታ ያለ ምንም ጫና ውኃ መሰል ስስ ሽፋን እንዳለው ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 ባውደንና ሂዩዝ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰበቃ የሚያመነጨው ሙቀት ትልቅ ድርሻ እንዳለው በሙከራ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ የበረዶ ሰበቃ እጅግ የሚያንሰው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ አካባቢ መሆኑን አመለከተ፤ ከዚያ በላይ ሲሞቅ በረዶው ስለሚለሰልስ ብረቱ ያርሰዋል። ክርክሩ ገና አልተዘጋም፤ እ.ኤ.አ. በ2025 በጀርመን የዛርላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግፊትንም የሰበቃ ሙቀትንም ወደ ጎን ያደረገ ሌላ ማብራሪያ አቅርበዋል።

ከዚህ ሁሉ ለርእሳችን የሚተርፈው ቁም ነገር፣ መንሸራተቱን የሚሰጠው በረዶው እንጂ የስለቱ ስልነት አለመሆኑ ነው። ጥንታውያን የሰሜን አውሮፓ ሰዎች የፈረስና የከብት አጥንት ከእግራቸው ሥር አስረው ይንሸራተቱ ነበር። አጥንቱ ጠርዝ ስለሌለው በእግር ገፍቶ መሄድ አያስችልም፤ ስለዚህ በእጃቸው በያዙት ዘንግ በረዶውን እየወጉ ራሳቸውን ይገፉ ነበር። የብረት ጠርዝ ሲመጣ ዘንጉ ቀረ። እንግዲህ ጠርዝ የተፈለገው ለመንሸራተት ሳይሆን፣ ወደ ጎን ላለመንሸራተት ነው። ስለቱን እጅግ ካሳልኩት እፈጥናለሁ የሚለው እምነት የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው።

የሆኪ ስለት ግርጌ ጠፍጣፋ አይደለም። ጫፉ ክብ ሆኖ የተቀረጸ የመሳያ ድንጋይ በብረቱ ርዝመት ላይ ሲሄድ ስስ ቦይ ያወጣል፤ በቦዩ ግራና ቀኝም ሁለት ጠርዞች ይቀራሉ። በሰሜን አሜሪካ የቦዩ ሬዲየስ የሚነገረው በኢንች ሲሆን፣ የተለመደው ከ3/8 እስከ 1 ኢንች ያለው ነው። ሬዲየሱ ባነሰ ቁጥር ቦዩ ይጠልቃል፣ ጠርዙም ይሾላል። ምን ያህል? የስለቱን ውፍረት በራሱ አባዝቶ ለሬዲየሱ ስምንት እጥፍ ማካፈል ነው። ለ3 ሚሊ ሜትር ስለት፣ ሬዲየሱ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የቦዩ ጥልቀት 0.09 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በ1 ኢንች ሬዲየስ ወደ 0.044 ይወርዳል፤ በ3/8 ደግሞ 0.12 ይጠጋል። የተለመደ የመጻፊያ ወረቀት ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን ያስታውሷል። ተጫዋቾች ሲከራከሩበት የሚውሉት ልዩነት እንግዲህ ከአንድ ወረቀት ውፍረት ያነሰ ነው።

ይህን ያልነው ልዩነቱን ለማናናቅ አይደለም። ጥልቅ ቦይ በረዶውን ይነክሳል፤ ለመነሳትና በጠባብ ቦታ ለመታጠፍ ይበጃል። በአንጻሩ ተጫዋቹ ብረቱን ወደ ጎን አዙሮ በረዶውን እየፋቀ ለመቆም ሲሞክር ያንገራግጨዋል፣ እግሩንም ያደክማል። ጥልቀቱ ያነሰ ቦይ ልል ነው፤ ይንሳፈፋል፣ ግን በተራው ሊከዳ ይችላል። ከባድ ሰው በክብደቱ ብቻ ጠርዙን ወደ በረዶው ስለሚያሰጥመው ያነሰ ጥልቀት ይበቃዋል፤ ቀላል ሰው ተቃራኒውን ይፈልጋል። ቀዝቃዛና ደረቅ በረዶ ሹል ጠርዝ ይጠይቃል፤ የለሰለሰ በረዶ አይጠይቅም። የ95 ኪሎ ግራሙ ባለሙያ ቁጥር ለ45 ኪሎ ግራሙ ታዳጊ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ብላክስቶን የተባለው የካናዳ ኩባንያ ያስተዋወቀውን፣ መሐሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ጠርዞቹ ብቻ የተነሱበትን ቅርጽ የመሳሰሉ አማራጮችም አሉ፤ የሚያስማሙት ግን ያንኑ ንክሻና መንሳፈፍ ነው።

ስለቱን ከጎን ለተመለከተው ደግሞ ሌላ ቅስት ይታያል፤ ከጣት እስከ ተረከዝ በጥቂቱ እንደ ታንኳ ሆድ የጎበጠ ነው። ይህ የርዝመት ቅስት ከቦዩ ያነሰ ይወራለታል፣ በእኛ ግምት ግን የበለጠ ሊታሰብበት ይገባል። የተለመደው ሬዲየስ ከ9 እስከ 13 ጫማ፣ በሜትር ከ2.7 እስከ 4 ነው። ብረቱ በበረዶው ውስጥ 0.1 ሚሊ ሜትር ቢሰጥም፣ በ9 ጫማው ቅስት በረዶውን የሚነካው ርዝመት 47 ሚሊ ሜትር፣ በ13 ጫማው 56 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። አጭር ንክኪ ቶሎ ያዞራል፣ ሚዛንን ግን ይፈታተናል፤ ረጅሙ ያረጋጋል፣ ለመታጠፍ ይከብዳል። የቅስቱ እምብርት ወደ ተረከዝ ቢሸሽ ሰውየው ወደ ፊት ያዘነብላል። በአንድ ስለት ላይ የተለያዩ ሬዲየሶችን የሚያቀናጁ ቅርጾችም ዛሬ በሰፊው ይሸጣሉ። ቦዩ በቀጣዩ መሳል ሊለወጥ ይችላል። የርዝመት ቅስቱ ግን ባልሠለጠነ እጅ በጣትና በተረከዝ በኩል ደጋግሞ ሲፈጭ ሳይታወቅ ይጠፋል፤ የተበላውም ብረት አይመለስም።

አሁን ወደ ጫማው እንመለስ። ተጫዋቹ ብረቱን የሚያዘው በእግሩ ነው፤ በእግሩና በብረቱ መካከል ያለው ደግሞ ጫማው ብቻ ነው። ጫማው ሰፍቶ፣ ከሶሉ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን 5 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስበት ክፍተት ቢተው፣ እግሩ 3 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ብረቱ ገና ትእዛዙን አልሰማም ማለት ነው። በግማሽ ኢንችና በ1 ኢንች ቦይ መካከል ያለው የጠርዝ ማዕዘን ልዩነት ስንት ነው? 3.4 ዲግሪ። ሁለቱ ማዕዘናት አንድ ዓይነት ነገር ባይለኩም መጠናቸው ተቀራራቢ መሆኑ ብዙ ይናገራል። በድንጋይ ተስሎ የተገኘው በላላ ጫማ ውስጥ ይባክናል።

ወላጆች ዘንድ የተለመደው ስሕተት እዚህ ላይ ይነሣል። ለልጅ የሚገዛ ነገር «ያድግበታል» ተብሎ ሰፋ ተደርጎ ይገዛል። ለትምህርት ቤት ሹራብ ይህ ብልኅነት ነው። ለመንሸራተቻ ጫማ ግን አይደለም። ሁለት ቁጥር የሰፋ ጫማ ያጠለቀ ልጅ እግሩ ወደ ውስጥ ይተኛል፣ ብረቱ ይጋደማል፤ ከዳር የሚመለከቱትም ቁርጭምጭሚቱ ደካማ ነው ይላሉ። ብዙ ጊዜ ደካማው ቁርጭምጭሚቱ ሳይሆን ልኩ ነው። ልጁ ግን ፍርዱን አምኖ ጨዋታውን ሊተው ይችላል፤ ከባከነው ገንዘብ ይልቅ የሚያሳዝነንም ይኸው ነው። አቅም ለሚያጥረው ቤተሰብ፣ ከሰፊ አዲስ ጫማ ይልቅ በልክ የሆነ ያገለገለ ጫማ ይሻላል እንላለን።

ልኩ የሚታወቀው በቀላል ዘዴ ነው። የሆኪ ጫማ ቁጥር ባብዛኛው ከመንገድ ጫማ ቁጥር ከ1 እስከ 1.5 ያነሰ ስለሆነ ቁጥሩን ማመን አይገባም፤ ሁለቱንም እግር መለካት ነው። ልኬቱ እግር ትንሽ በሚያብጥበት በምሽት ቢሆን፣ ለጨዋታ በሚለበሰው ስስ ካልሲም ቢደረግ ይመረጣል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጣቶቹ የጫማውን ጫፍ በስሱ ይነካሉ፤ ጉልበቱን ሲያጥፍ ተረከዙ ወደ ኋላ ተቀምጦ ጣቶቹ በጥቂቱ ይሸሻሉ። ተረከዙ ከተነሣ ጫማው ሰፊ ነው። የጫማው ጥልቀት የሚፈተነው በእርሳስ ነው፦ ክሩን አላልቶ፣ የጫማውን ምላስ ወደ ፊት ስቦ፣ ከላይ በሦስተኛዎቹ የክር ቀዳዳዎች ላይ እርሳስ ማጋደም። እርሳሱ ሁለቱን ጎን ሳይነካ በእግሩ ጀርባ ላይ ካረፈ ጫማው ጥልቀት ያንሰዋል፤ ክሩ ሲጠብቅ የእግሩን ጅማት ይቆረጥማል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ጫማዎች በልዩ ምድጃ ጥቂት ደቂቃ ሞቀው በእግር ላይ ይቀረጻሉ። ይህ ግን በልክ የተመረጠውን ያስማማል እንጂ በስሕተት የተመረጠውን አያድንም።

በተቃራኒው የሚነሣው ክርክር ክብደት አለው። ጫማ ውድ ነው፣ መሳል ርካሽ ነው፤ ስለዚህ በርካሹ መጀመር ይሻላል ይባላል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾችም በየሳምንቱ ቦያቸውን እየለዋወጡ የሚመቻቸውን እንዳገኙ ይመሰክራሉ። ምስክርነታቸውን አንነፍግም፤ ነገር ግን እነርሱ ይህን የሚያደርጉት ጫማቸው አስቀድሞ እንደ ጓንት የያዛቸው በመሆኑ ነው። እግሩ ለሚዋኝበት ሰው የዛሬው ሙከራ ከነገው አይነጻጸርም፤ በሁለቱ መካከል ክሩ የጠበቀበት መጠን እንኳ ተለውጧልና። በቤተ ሙከራ ሁለት ተለዋዋጮችን ባንድ ጊዜ የሚነካ ተማሪ ምን እንደሚባል አንባብያን ያውቃሉ።

ጫማው ከተስተካከለ በኋላ፣ ክብደቱ መካከለኛ የሆነ ጀማሪ በግማሽ ኢንች ቦይ ቢጀምርና የርዝመት ቅስቱን ሳይነካ ጥቂት ሳምንታት ቢጫወት ጥሩ ነው። ከዚያም ሲቆም የሚያንገራግጨው ከሆነ ወደ 5/8፣ በተራው የሚከዳው ከሆነ ወደ 7/16 ይሂድ፤ ቀኑን፣ ቁጥሩንና የበረዶውን ጠባይ በደብተር ይያዝ። ስለቱ ተስሎ በተመለሰ ቁጥር ግን ወደ በረዶው ከመግባቱ በፊት አጭር የብረት ማስመሪያ በግርጌው ላይ አግድም ያኑር። ማስመሪያው ከስለቱ ጎን ጋር 90 ዲግሪ ካልሠራ፣ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ በዚያ ሁኔታ ቦዩ ስንት ኢንች ይሁን ብሎ መነጋገር ትርጉም ስለሌለው ጫማው ወደ ሳለው ሰው ይመለሳል።