«ቤት ለእምቦሳ» ብለን ስንመርቅ፣ የከሰል ምድጃው የት እንደሚያድርም እንጠይቅ



ጥር ላይ ተጋብታችሁም ይሁን በሥራ ዝውውር ወደ ሮቤና ጎባ መጥታችሁ፣ አዲስ ቤት ለገባችሁ ሁሉ አስቀድሜ «ቤት ለእምቦሳ» ብያለሁ። «እምቦሳ እሰሩ» በሉኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

አዲስ ቤት የገቡ ጥንዶች የሚከራከሩበት ነገር አይጠፋም። ሶፋው በየት በኩል ይሁን፣ ቴሌቪዥኑ ይሰቀል ወይስ ይቀመጥ፣ መጋረጃው ምን ዓይነት ቀለም ይሁን፣ አልጋው መስኮት ሥር ይሆናል አይሆንም... ደስ የሚል ክርክር ነው። በባሌ ደጋ ለምትኖሩ ግን አንድ ጥያቄ ከእነዚህ ሁሉ ይቀድማል ባይ ነኝ፦ የከሰል ምድጃው የት ይቀመጣል? ማታስ የት ያድራል?

«ዶክተር፣ ይቺ ደግሞ ምን ጥያቄ ናት?» የምትሉ አትጠፉም። ቀላል የምትመስለዋ ይህቺ ጥያቄ ግን የሁለት ሰው፣ አንዳንዴም የሦስት ሰው ሕይወት ናት።

ቤቱ ተለውጧል፣ ልማዳችን ግን ያው ነው

ሮቤ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ከላይ ሳነቴ አለ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሜዳ። ከጥቅምት ጀምሮ ሰማዩ ሲጠራ የሌሊቱን ብርድ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከደሎ መናም ይምጣ ከብድሬ፣ ከአዲስ አበባም ቢሆን፣ ሮቤ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደረ ሰው ጠዋት የሚጠይቀው «ከሰል የት ነው የሚሸጠው?» ብሎ ነው።

እናቶቻችንም ከሰል አስገብተው ይሞቁ ነበር። ግን በምን ዓይነት ቤት ውስጥ? በጭቃና በእንጨት የተሠራ ቤት፤ በግድግዳውና በጣሪያው መሀል ክፍተት ያለው፣ በሩ ሙሉ በሙሉ የማይገጥም፣ ንፋስ እንደልቡ የሚገባበት። ያ ቤት ጤናማ ነበር እያልኩ አይደለም። በጭስ ስንት እናት ሳንባዋ ተጎድቷል፣ ዓይኗ ቀልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና ከሰል በሚበከል አየር ምክንያት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ቢሆንም ያ ስንጥቅ ግድግዳ አንድ ውለታ ውሎልናል፤ የከሰሉን መርዝ ያስወጣልን ነበር።

አሁን የምንገባው የብሎኬት ቤት ሌላ ነው። ግድግዳው ተለስኗል፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ መስኮቱ አልሙኒየም ነው፣ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል። ላይ የተተወችውን የአየር ማስወጫ ደግሞ «ብርድ አስገባችብን» ብለን በፌስታል ወይም በጨርቅ እንወትፋታለን። ከዚያ ያንኑ የእናታችንን ምድጃ አምጥተን አልጋው አጠገብ እናስቀምጣለን። ቤቱ የ2010ሮቹ፣ ምድጃው የድሮው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

ጭስ የለውም ማለት መርዝ የለውም ማለት አይደለም

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስነጥስም፣ ዓይን አያቃጥልም። እንጨት ቢሆን ጭሱ አንቆ ያስወጣችሁ ነበር። ከሰል ግን ዝም ብሎ ነው የሚገድለው።

ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከም ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ። ይህ ጋዝ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ሄሞግሎቢኑን ይይዘዋል። ታክሲ ላይ ወንበሩን ይዞ አልወርድም እንዳለ ሰው ማለት ነው። ኦክስጅኑ ቆሞ ይቀራል፣ አንጎልና ልብ ይራባሉ። ሮቤና ጎባ ላይ ደግሞ አየሩ መጀመሪያውኑ ስስ ነው። በ2,500 ሜትር ላይ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ተጨማሪ የምንከስረው ትርፍ የለንም።

ከዚህ ጋር የሚነገሩ ነገሮችን ሁላችንም ሰምተናል። «በደንብ ከቀላ በኋላ ካስገባኸው አይጎዳም።» ስህተት ነው። የቀላ ፍም ጭሱ ይቀንሳል እንጂ ጋዙን ማውጣት አያቆምም። «ጨው በትንበት።» ጨው ለወጥ ነው። «ውሃ በሳህን አስቀምጪ።» ውሃው ይህን ጋዝ አይውጠውም። «አመድ ለብሷል፣ ጠፍቷል።» አመድ የለበሰ ፍም አየር አጥሮት እየታፈነ የሚነድ ነው፤ ይህን ጋዝ በብዛት የሚያመርተውም እንዲህ ዓይነቱ እሳት ነው። ብዙ ሰው የሚተኛው ደግሞ ልክ በዚህ ሰዓት ነው።

የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታዋቂው ፈረንሳዊ ደራሲ ኤሚል ዞላ የሞተው በዚሁ ነው። በሴፕቴምበር 1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከገጠር ቤታቸው ፓሪስ ወዳለው መኖሪያቸው ከባለቤቱ ጋር ተመለሱ። ቅዝቃዜ ስለነበር መኝታ ቤታቸው ውስጥ እሳት ተቀጣጠለላቸው፤ የጭስ ማውጫው ግን ተደፍኖ ነበር። ሌሊት ሁለቱንም አመማቸው። ሰው እንጥራ ስትለው ቀላል ነገር ነው፣ ሲነጋ ይሻለናል ብሎ እንደመለሰላት ይነገራል። ጠዋት እሱ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ፣ እሷ ግን ተረፈች። በ2021 እ.ኤ.አ. ክረምት ቴክሳስ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ብርድ ሲበረታም፣ ከሰል ቤት ውስጥ ያቀጣጠሉ፣ ጄኔሬተር ያስነሱ፣ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነስተው የሞቁ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሞተዋል። ከመካከላቸው የእኛው አገር ሰዎች ነበሩበት።

«ደስ የሚል ወሬ አለ እንዴ?»

አሁን በጣም ወደምፈራው ነገር ልምጣ። አዲስ ሙሽራ ጠዋት ራሷን ሲያማት፣ ሲያዞራት፣ ሲያስመልሳት አገሩ ምን ይላል? ፈገግ ይልና «ደስ የሚል ወሬ አለ እንዴ?» ይላል። አማት ደስ ይላታል፣ ባል ይኮራል። ከቆላ የመጣ ከሆነ ደግሞ «ከፍታው ነው፣ ትለምደዋለህ» ይባላል። ካልሆነም «ጉንፋን ነው»፣ «ብርድ መትቶሽ ነው» ይባልና... ቤቱ ይበልጥ ይዘጋል፣ ከሰሉም ይጨመራል!

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት፣ ግራ መጋባት። የከሰል መርዝ ምልክቶች እነዚህ ናቸው። ከእርግዝናና ከጉንፋን የምትለዩበት ቀላል መንገድ ልስጣችሁ፦

1. ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ አሟችኋል? ባል አያረግዝም።
2. ከቤት ወጥታችሁ ሥራ ስትውሉ ይሻላችኋል? ማታ ስትመለሱ እንደገና ይጀምራችኋል?
3. በዚያው ሰዓት ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?

ለእነዚህ መልሱ «አዎ» ከሆነ ቤቱን ጠርጥሩ።

በእርግጥም ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። የፅንሱ ደም ጋዙን ከእናቱ ደም በበለጠ ያከማቻል፣ ለመልቀቅም ይዘገያል። እናት ቀለል ያለ ራስ ምታት ብቻ ተሰምቷት ፅንሱ ሊጎዳ ይችላል። አራስ ቤትም እንዲሁ ነው። «ብርድ እንዳይገባት» ብለን በሩን ዘግተን፣ መጋረጃ ጋርደን፣ ፍም አስቀምጠን እናትና ጨቅላ ሕፃን እናስተኛለን። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን አራስን በብርድ ልብስ እንጂ በፍም አታሙቋት።

«ታዲያ በብርድ እንሙት?»

ይህን የሚለኝ ሰው ትክክል ነው። መብራት ይጠፋል፣ ማሞቂያ ውድ ነው፣ ከሰል ደግሞ በቅርብ ይገኛል። ቡናውንም ቢሆን በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲያፈሉት ያው ቡና አይሆንም። እኔም ከሰል ቤታችሁ ደጃፍ አይድረስ አላልኩም። የምለው እሳትና እንቅልፍ አንድ ጣሪያ ሥር አይደሩ ነው።

• ከሰል የሚቀጣጠለውም የሚነደውም ውጭ ወይም ክፍት በረንዳ ላይ ይሁን። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ ግን በረንዳ አይደለም፣ ክፍል ነው።
• ቡና ቤት ውስጥ ከሆነ በርና መስኮት ወለል ብሎ ይከፈት። ቡናው እንዳበቃ ምድጃው ከነፍሙ ይውጣ። መስኮት ገርበብ ማድረግ ይቀንሰዋል እንጂ ዋስትና አይሆንም።
• ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ውጭ መሆኑን አንዳችሁ እዩ። በር ተቆልፏል ወይ እንደምትሉት፣ «ምድጃው ወጥቷል?» ተባባሉ።
• የአየር ማስወጫዋን የወተፋችሁበትን ፌስታል ዛሬውኑ አውጡት።
• ጄኔሬተር ካላችሁ ቤት ውስጥም በረንዳ ላይም አታስነሱት። ከመስኮትና ከበር ራቅ ብሎ ውጭ ይቀመጥ።
• ሙቀቱን ከክፍሉ ይልቅ ለሰውነታችሁ ስጡት። ካልሲ፣ ኮፍያ፣ ጋቢ፣ ደራርቦ መልበስ። ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ። ከመስኮትና ከበር ሥር የሚገባውን ንፋስ በወፍራም መጋረጃና በምንጣፍ መከላከል ይቻላል፣ ፍም ቤት ውስጥ እስከሌለ ድረስ።
• የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የምትጠቀሙ ደግሞ ከስቶቭና ከምጣድ ጋር አንድ ኤክስቴንሽን ላይ አትሰኩት። ከመርዝ ሸሽታችሁ ቃጠሎ ውስጥ እንዳትገቡ።

ይህን ጋዝ ሲያገኝ የሚጮህ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ «ምን ላምጣላችሁ?» ሲላችሁ ሽቶ ከማለታችሁ በፊት ይህን በሉት።

ጉዳዩ የሴቷ ብቻ አይደለም

አንድ ቅር የሚለኝን ነገር ሳልናገር አላልፍም። አደጋ ሲደርስ «ከሰሉን ማን አስገባው?» ይባልና ጣት የሚቀሰረው ሴቷ ላይ ነው። «ብርድ ነው፣ ምድጃውን አስገቢልን እስቲ» ያለውን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ቤት የሁለት ሰው ነው፤ የእሳቱ ነገርም የሁለት ሰው ውሳኔ ይሁን። እሷ ካስገባች እሱ ያውጣ።

አከራዮችም ነጻ አይደላችሁም። ምግብ የሚበስልበት ቦታ የሌለው አንድ ክፍል ሠርታችሁ፣ ግቢ ውስጥ ከሰል ማንደድ ከልክላችሁ፣ ስቶቭም «ቆጣሪ ያበላል» ብላችሁ ከከለከላችሁ፣ ተከራያችሁ በሩን ዘግቶ ከማንደድ ሌላ ምን ምርጫ አለው? ግቢው ውስጥ ጣሪያ ብቻ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የማብሰያ ጥግ መሥራት ብዙ ወጪ አይደለም። የሰው ነፍስ ከቆጣሪ አይበልጥም እንዴ?

ለሠርግና ለአዲስ ቤት ስጦታ የምትይዙ ወዳጆችም አስቡበት። ብርጭቆውማ ሞልቷል። ደጋ ላይ ለሚኖሩ ጥንዶች አንድ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ጥሩ ፔርሙዝ ብትይዙ ከስጦታም በላይ ነው።

ደርሶ ከሆነስ?

በርና መስኮቱን ክፈቱ፣ ሰውየውን ወደ ውጭ አውጡ። ምድጃውን ለማውጣት ብላችሁ ግን ጋዝ የሞላው ክፍል ውስጥ አትቆዩ። ወተት ለማጠጣት፣ ሎሚ ለማሽተት ጊዜ አታጥፉ። ራሱን ለሳተ ሰውማ ወተት ትንታ ሆኖ ሊገድለው ይችላል። ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ሂዱና ገና በር ላይ «ከሰል ቤት ውስጥ ነበር» በሉ። ይህቺ ቃል ወሳኝ ናት፤ ጣት ላይ የሚደረገው የተለመደው የኦክስጅን መለኪያ በዚህ ጋዝ ይታለላልና። ሰውየው እየታፈነ «ደህና ነው» የሚል ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው። እንዲሁ በአየር ብቻ የጋዙ ግማሽ ከደም ለመውጣት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በማስክ በሚሰጥ ኦክስጅን ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። «ተሻለኝ» ብላችሁም ከመንገድ አትመለሱ። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የመርሳትና የማሰብ ችግር የሚመጣባቸው ሰዎች አሉ።

ዛሬ ማታ ይህን ካነበባችሁ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አድርጉልኝ። አጠገባችሁ ላለው ሰው አንብቡለት፣ ከዚያ ተነስታችሁ ምድጃው የት እንዳለ እዩ። ሮቤ፣ ጎባ፣ ዲንሾ ወይም ሌላ ደጋ ላይ አዲስ ቤት የገቡ ወዳጆች ካሏችሁ ደግሞ ሼር አድርጉላቸው።

ትዳራችሁ ይሙቅ፣ ቤታችሁ አየር ያግኝ። ጤና ይስጥልኝ!