መሀል ሆና ዳር የቀረችው ዋግ

የሰሜን ኢትዮጵያን የመንገድ ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው አራት አውራ ጎዳናዎች ተያይዘው አንድ ትልቅ ቀለበት ሲሠሩ ይታያሉ። በምሥራቅ ከአዲግራት በመቀሌ፣ በማይጨውና በኮረም አልፎ በግራካሱ ጠመዝማዛ ወደ አላማጣ ሜዳ የሚወርደውና ወልዲያ የሚደርሰው አለ። በደቡብ ከወልዲያ በጋሸናና በደብረ ታቦር አድርጎ ወረታ የሚወጣው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ይገኛል። በምዕራብ ከወረታ በጎንደርና በደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ወርዶ ሽሬ የሚገባው ሲሆን፣ በሰሜን ደግሞ ከሽሬ በአክሱምና በዓድዋ ወደ አዲግራት የሚመለሰው ቀለበቱን ይዘጋዋል። ሰቆጣና መላው የዋግ ኽምራ ምድር ያሉት በዚህ ቀለበት ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋግን «ጠረፍ» ወይም «ሩቅ» ብሎ መጥራት ከካርታው ጋር አይገጥምም። ዋግ የሰሜኑ መሀል ናት፤ ዳር ያደረጓት መንገድ ቀያሾች ናቸው። የሚያሻት መድኃኒትም በአንድ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣ አቋራጭ አውራ ጎዳና ነው እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ እዚያው የሚቀር ቅርንጫፍ ብቻ አይደለም።

ከመኪና በፊት የነበረው ዘመን ይህን ይመሰክራል። በ19ኛው መቶ ዘመን ሰቆጣ ከታወቁት የጨው ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ በግመል፣ በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ደጋውን እየወጣ እዚያ ይደርስና ወደ ላስታና ወደ ጎንደር ወገን ይሻገር ነበር። ሲራራ ነጋዴ መንገዱን የሚመርጠው ውኃውን፣ ሣሩንና ገበያውን አይቶ ነው፤ በዚያ ምርጫ ሰቆጣ መተላለፊያ ሆነች። የፖለቲካው ክብደትም ከዚሁ ጋር ይሄድ ነበር። ዋግሹም ጎበዜ ከዚህ ምድር ተነሥተው ከመቅደላ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል።

ዋግ የተገለለችው ተራራው አላሳልፍ ብሎ ነው የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ታሪኩ ግን አይደግፈውም። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ የናፒየር ጦር ዝሆንና በቅሎ ጭኖ ከአሸንጌ በላስታ ደጋ በኩል መቅደላ ደርሷል። ጣሊያንም ተራራ ፈርቶ አልሸሸም፤ አላጌን ወጥቷል፣ ጣርማበርን በዋሻ በስቷል፣ በግራካሱ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ገደማ የሚሆን ቁልቁለት በኩርባ አውርዷል። ከመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የማይጨው ውጊያ በኋላ ያ የጣሊያን መንገድ ምሥራቁን ይዞ የተቀየሰው ወራሪው ከምፅዋና ከአሥመራ ጦርና ስንቅ በአጭር ጊዜ ወደ አዲስ አበባ ማድረስ ስለፈለገ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ገበሬ እህሉን የት ይሸጣል የሚለው ጥያቄ የዚያ ቅየሳ ጉዳይ አልነበረም። የሚያሳዝነው ነጻነት ከተመለሰ በኋላም ምርጫው አለመመርመሩ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሥራ ሲጀምር ዋናው ተግባሩ የጣሊያንን መንገዶች መጠገን ነበር። ገንዘብ አጥቶ ለነበረ መንግሥት ይህ አስተዋይነት ነው። ነገር ግን የጦር ሠራዊት መስመር በዚያው የአገር ኢኮኖሚ መስመር ሆኖ ቀረ።

የዚህ ዋጋ በ1977 ዓ.ም. በኮረም ታየ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ዓለም በቴሌቪዥን ያየው የረኀብ ሰፈር የቆመው በአውራ ጎዳናው ላይ ነው፤ ምክንያቱም የእርዳታ እህል የጫነ መኪና የሚደርሰው እዚያ ነበር። ድርቁ የመጣው ከሰማይ ነው፤ ጦርነቱና የመንግሥቱ ቸልተኝነትም አባብሰውታል። ሆኖም ከዋግና ከላስታ ተራሮች የወረደው ሕዝብ ልጆቹን አዝሎ በእግሩ ወደ መንገዱ መሄዱ፣ መንገዱ ወደ እርሱ ስላልሄደ ነው። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2030 በፈረንጆች አቆጣጠር ለማጥፋት የገባውን ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ ሲሰይመው ያንን ዘመን አስቦ ነው። ቃል ኪዳኑ ስለ ጤና፣ ስለ ውኃና ስለ እርሻ ብዙ ይላል። እኔ ግን ከሁሉ በፊት የማስቀምጠው መንገዱን ነው።

«መንገድማ ተሠርቷል» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ በጠቅላላ ከ26,000 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር፤ በ20 ዓመት ውስጥ ከ100,000 አልፏል። ሰቆጣም በኮረም በኩል፣ በላሊበላና በቢልባላ በኩል፣ በአብይ ዓዲም በኩል መውጫ አላት። የጎደለው ግን ቀለበቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሰነጥቅ፣ ተከዜን ተሻግሮ ከጎንደሩ ጎዳና ጋር የሚገናኝ ዋና መንገድ ነው። መጋቢ መንገድ ገበሬውን ከወረዳው ከተማ ያደርሰዋል፤ ገበያ የሚፈጥረው ግን የሚያልፍ መኪና ነው። ሹፌር የሚበላበት፣ ነጋዴ የሚያድርበት፣ ባዶውን የሚመለስ አይሱዙ በርካሽ የሚጭንበት ከተማ መተላለፊያ ከተማ ነው። መንገዱ በሚያልቅበት ከተማ ያ መኪና እህል አራግፎ ባዶውን ይመለሳል፤ የመልሱን ነዳጅ የሚከፍለውም ገዢው ነው።

የመሐንዲሶቹ ሙግት ከበድ ይላል፤ የተሽከርካሪው ቁጥር ትንሽ ነው፣ ወጪውን አይመልስም ይላሉ። ነገር ግን ድልድይ በሌለበት ወንዝ ስንት ሰው ተሻገረ ብሎ ቆጥሮ ድልድይ አያስፈልግም ማለት አይቻልም። የሚቆጠረው ሊያልፍ የሚችለው ጭነት መሆን አለበት፤ ጭነቱም አለ። የአበርገሌ ፍየል በዘሩ የታወቀ ነው። በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ዕጣን ይለቀማል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ ያቆረው ሐይቅ ለዋግ ወጣቶች ዓሣ ሰጥቷል። ዓሣ ግን እንደ ዕጣን በጆንያ ተቋጥሮ አይከርምም፤ በሰዓታት ውስጥ በረዶ ካላገኘና መኪና ላይ ካልወጣ ይበላሻል። ያው ሐይቅ ደግሞ የዋግንና የጎንደርን ወገን የቀድሞ መሻገሪያ አስፍቶታል። የግድቡ ኤሌክትሪክ ወደ ሌላ ሲሄድ ሐይቁ መንገድ ከዘጋ፣ መሻገሪያ መሥራት የግድቡ ዕዳ ነው እላለሁ።

ከሁሉ የሚያስጨንቀው ተቃውሞ የጦርነቱ ነው። መንገድ እህል እንደሚያመጣ ሁሉ ጦርም ያመጣል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሆነውን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም። ከትግራይ ጋር የሚዋሰኑት ፃግብጂና አበርገሌ ከባዱን መከራ ተቀብለዋል፤ ሕዝባቸው ተፈናቅሎ በሰቆጣ ዙሪያ በመጠለያ ኖሯል። ግን ያ ጦርነት ያሳየው መንገድ አለመኖር ከጦር እንደማያድን ነው። ጦረኛ በእግሩም ይመጣል፤ የማይመጣው እህሉ፣ መድኃኒቱና አምቡላንሱ ነው። የኮረምና የአብይ ዓዲ በሮች ሲዘጉ ሰቆጣ በደቡቡ፣ በላሊበላው በር ብቻ ቀረች፤ ያም ሲዘጋ ምንም አልነበራትም። በምዕራብ ሌላ በር ለፃግብጂ ነፍሰ ጡርም፣ ማዶ ላለው የትግራይ ጎረቤቷም ይጠቅማል፤ ነጋዴ የሚመላለስበት ድንበር ሰላሙን የሚፈልግ ሰው ይበዛበታል።

ስለዚህ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደርና የአማራ ክልል መንግሥት በሚቀጥለው ዕቅዳቸው ከኮረም በሰቆጣ አድርጎ ተከዜን የሚሻገረውን መስመር ያስጠኑ። ሲያስጠኑም ዛሬ በዚያ የሚያልፈውን መኪና ከመቁጠራቸው በፊት፣ ከፃግብጂ እስከ ዝቋላ ገበያ አጥቶ የቀረውን ፍየል፣ ዕጣንና ዓሣ ይቁጠሩ።