ለዓይን የሚሻለው ቲቪ የትኛው ነው?

«ዶክተር፣ ቲቪ ልገዛ ነው፤ ለልጆቼ ዓይን ኤልኢዲ ይሻላል ወይስ ኦሌድ?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። የእኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ ለምስል ጥራት ከሆነ እንደ አቅማችሁ ምረጡ፤ ለዓይን ጤና ብላችሁ ግን ተጨማሪ ብር አታውጡ።

ልዩነታቸው ይህ ነው፦

👉 ኤልኢዲ፦ ስክሪኑ ኤልሲዲ ነው። በራሱ አያበራም፤ ከጀርባው ወይም ከጠርዙ የኤልኢዲ መብራት ያበራለታል። ጨለማ ትዕይንት ላይ ጥቁሩ ግራጫ የሚመስለው ለዚህ ነው።

👉 ኪውሌድ፦ ይሄም ኤልሲዲ ነው። ቀለሙን የሚያደምቁ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተጨምረውበታል። ብዙ ብርሃን ለሚገባበት ሳሎን ይመቻል።

👉 ኦሌድ፦ እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች፣ ራሷ ትጠፋለች። ስለዚህ ጥቁሩ የእውነት ጥቁር ነው። ግን ዋጋው ይወደዳል፤ እንደ ጣቢያ አርማ ያለ የማይንቀሳቀስ ምስል ለረጅም ጊዜ ከቆየበትም ጥላው ሊቀርበት ይችላል።

«ይሄኛው ሰማያዊ ብርሃኑ ትንሽ ነው፣ ዓይን አይጎዳም» ሲሏችሁ አትቸኩሉ። የስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ዓይንን እንደሚያበላሽ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም። ዓይናችን የሚደርቀውና የሚቆጠቁጠን ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገብ ስለምንረሳ ነው። በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገብ የነበረው ዓይን ወደ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ይሄ ደግሞ በውዱም በርካሹም ስክሪን ያው ነው።

ይልቅ እነዚህን አድርጉ፦

✅ 55 ኢንች ከሆነ ቢያንስ 2 ሜትር ራቅ በሉ።

✅ መብራት አጥፍታችሁ አትመልከቱ፤ ማታ ማታ ብራይትነሱን ቀንሱ።

✅ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ።

✅ ግድግዳ ላይ በብራኬት አሳስሩት። ስታንድ ላይ የቆመ ፍላት ቲቪ ልጅ ሲንጠላጠልበት ይወድቃል፤ ጭንቅላት ላይ ካረፈ ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

በመጨረሻም፦ ልጃችሁ ሁልጊዜ ቲቪው ሥር ካልተቀመጠ የማያይ ከሆነ፣ ወይም ዓይኑን እያጠበበ የሚያይ ከሆነ ትልቅ ቲቪ አትግዙለት። ራቅ ያለውን ማየት ተቸግሮ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳውንም አያይም ማለት ነው። መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሩት።

ቲቪ ሊገዛ ላሰበ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት።