ሂተሩን ማን ቁረጡ አላችሁ?

"ደግሞ ለኢትዮጵያ ሂተር ምን ያደርጋል?" ይህቺን ጥያቄ ከስንት መካኒክ እንደሰማናት መቁጠር ትተናል። አገሩ የ13 ወር ፀሐይ ነው የሚል ፖስተር በየቦታው ተለጥፎ ነበርና፣ ጋራዦቻችን ከቱሪስቱ በላይ አምነው ቁጭ አሉ! እስቲ በነሐሴ ጎህ ሳይቀድ ጣርማ በርን ውጡና ያንኑ ድገሙልን።

እኛ ወጥተናል። አምስት ሆነን፣ ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ከሠራቸው ላንድ ክሩዘር 60ዎች በአንዷ። ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ፤ ውጪው ጉም፣ ውስጡ የአምስት ሰው ትንፋሽ። የፊት መስታወቱ ወተት መሰለ። ሹፌራችን በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው ሶፍት ይዞ ሲጠርግ፣ ከፊት የሚመጣውን አይሱዙ ያየነው መብራቱ አፍንጫችን ስር ሲደርስ ነው። ዳር ይዘን ቆምን። ለረጅም ጊዜ ማንም አላወራም።

ሂተሩ ምን ሆኖ ነበር? ምንም! የተበላሸችው ካቦዋ ነበረች። ክሩስኮቱ ላይ ያለውን መግፊያ፣ የሞተሩን ትኩስ ውሃ ወደ ሂተሩ ከሚያስገባው ቫልቭ ጋር የምታገናኝ አንዲት ሽቦ። ዝገት ሲይዛት ትደርቃለች፤ በጉልበት ሲታገሏት ትታጠፋለች። ቫልቩ አይከፈትም፣ አየሩም ቀዝቃዛ ይሆናል። በቃ፣ ይኼው ነው።

ጋራዡ ግን መጀመሪያ የሞተር ሳይክል ፍሬን ካቦ ገጠመልን። የፍሬን ካቦ የተገመደ ነው፤ ይስባል እንጂ አይገፋም። ፍሬኑን የሚመልሰው ስፕሪንግ ነው፤ የእኛ ቫልቭ ደግሞ ስፕሪንግ የለውም። ስለዚህ ሂተሩ ተከፈተ፣ መዘጋት ግን እምቢ አለ፤ አዋሽ ላይ ተቀቀልን። አቤት ስንል ሁለተኛው ጥበብ መጣ፦ ሁለቱን የውሃ ጎማዎች ከሂተሩ ነቅሎ እርስ በርስ ማጋጠም። "ተገላገላችሁ ልጆቼ!" ተባልን፤ ሒሳብም ከፈልን። ጣርማ በርን የወጣነው በዚያች መኪና ነው።

ክሩስኮት ስር ተንጋሎ ለአንዲት ሽቦ መታገል ገንዘብ እንደሌለው ይገባናል። ግን ደህና ዕቃ ቆርጦ ጥገና ብሎ ማስከፈል ምን ይባላል? ሞተር ሲግል እኮ ሂተሩን መክፈት ጥቂት ሙቀት ይቀንስለታል፤ ይህንንም አብረው ነው የቆረጡብን። (አርጅታለች ሽጧት የምትሉ ወዳጆቻችን፣ ገዢ አምጡ።)

ቅዳሜ ራሳችን ገባንበት። መርካቶ ወርደን ወፍራም፣ ነጠላ፣ የብረት ሽቦ ያላት ካቦ ፈለግን፤ የሽቦውንም የሽፋኑንም ርዝመት ከአሮጌዋ ጋር ለካን። ሞተሩ በርዶ ጎማዎቹን ወደ ቦታቸው መለስን። አሮጌዋን ከመንቀላችን በፊት መንገዷን ፎቶ አነሳን፤ ካቦ ከተጣመመ ያው ይደርቃልና። ከዚያ መግፊያውን ቀዝቃዛው ላይ አድርገን፣ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ዘግተን፣ የሽፋኑን መያዣ አጠበቅን። አንድ ፒንሳ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የተላጠ ክርን።

ሞተሩ ሲሞቅ ጎማዎቹን ዳሰስን፤ ሁለቱም ሞቀዋል። በማግስቱ ሄደን ለሰውዬው አሳየነው። ጎንበስ ብሎ አየና "ይሄማ ቀላል ነበር፤ ካቦዋን ቀይርልን ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለማ!" አለን።